መብራት ሲመለስ የማይነሡ ሰርቨሮች፦ በትልቅ ድርጅት የቨርቹዋላይዜሽን ላይሰንስ አያያዝ መመሪያ

በጎንደርና በአካባቢዋ ሰርቨር የሚያስተዳድሩ ባልደረቦች ሲደውሉልኝ ጥያቄያቸው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ «ስንት ላይሰንስ ያስፈልገናል? ያለንስ እስከ መቼ ይቆየናል?» ለእያንዳንዱ ሰው በስልክ ከመድገም አንድ ጊዜ በጽሑፍ ማስቀመጡ ይሻላል ብዬ ይህን መመሪያ አዘጋጅቻለሁ። የተጻፈው ሦስትና ከዚያ በላይ ሰርቨሮች፣ በላያቸውም በርካታ ቨርቹዋል ማሽኖች (በአንድ ሰርቨር ውስጥ በሶፍትዌር የሚፈጠሩ ኮምፒውተሮች) ላሉት ድርጅት፣ ማለትም ለፋብሪካ፣ ለሆስፒታል፣ ለዩኒቨርሲቲ ወይም ለመሰል ተቋም የአይሲቲ ባለሙያ ነው። አንድ ሰርቨር ብቻ ያለዎት ቢሆንም ከደረጃ 2 እስከ ደረጃ 4 ያለው ይጠቅምዎታል።

አስቀድሞ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። የላይሰንስ ጊዜ ሲያልፍ ተጠቃሚው በዕለቱ የሚያየው ነገር ላይኖር ይችላል። ለምሳሌ በቪኤምዌር ኢኤስኤክስአይ (በሰርቨሩ ላይ ተጭኖ ቨርቹዋል ማሽኖችን በሚያሠራው ሶፍትዌር) ላይ፣ ጊዜው ያለፈበት ሆስት፣ ማለትም ቨርቹዋል ማሽኖቹ የሚሠሩበት ሰርቨር፣ ሆስቶችን በአንድነት ከሚያስተዳድረው ከቪሴንተር ጋር ያለው ግንኙነት ይቋረጣል፤ በሥራ ላይ ያሉት ቨርቹዋል ማሽኖች ግን ሥራቸውን ይቀጥላሉ። የማይቻለው አንዴ የጠፋን ቨርቹዋል ማሽን መልሶ ማስነሣት ነው። ስለዚህ ችግሩ ተደብቆ ይቆይና፣ በተለይ በክረምት፣ የመጀመሪያው ረጅም የመብራት መቋረጥ ያጋልጠዋል።

በከተማችን ባለ አንድ ድርጅት የሆነውን በዓይኔ አይቻለሁ። ሌሊት መብራት ጠፋ፤ ጀነሬተሩ ባትሪው ደክሞ አልነሣ አለ፤ ዩፒኤሱም ሃያ ደቂቃ ያህል ታግሎ ጸጥ አለ። ጠዋት መብራት ሲመጣ ሦስቱም ሰርቨሮች በሰላም ተነሡ፤ በላያቸው ካሉት ቨርቹዋል ማሽኖች ግን አንድም የተነሣ አልነበረም። ላይሰንሱ ካለፈ 9 ቀን ሆኖታል። ቁልፎቹ የተጻፉበት የኤክሴል ፋይል የሚገኘው በፋይል ሰርቨሩ ላይ ነው፤ ፋይል ሰርቨሩ ደግሞ ራሱ ከማይነሡት ቨርቹዋል ማሽኖች አንዱ ነው። ዕለቱ የደመወዝ ቀን ስለነበር የፋይናንስ ኃላፊዋ የሰርቨር ክፍሉ በር ላይ ወንበር አስመጥተው ተቀመጡ። ከዚህ በታች ካሉት ደረጃዎች ብዙዎቹ በዚያ ቀን የጎደሉን ነገሮች ናቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• ወደ ቪሴንተር፣ ወደ ሃይፐር-ቪ ማኔጀር ወይም ወደ ፕሮክስሞክስ (እንደሚጠቀሙት የቨርቹዋላይዜሽን ሶፍትዌር) የሚያስገባ የአስተዳዳሪ መለያና የይለፍ ቃል።
• የሁሉም ሰርቨሮች ዝርዝር፣ በሞዴል 19 (በንብረት ገቢ ደረሰኝ) ገቢ ከሆኑበት የንብረት መዝገብ ጋር።
• የግዢ ሰነዶች፦ ውል፣ ደረሰኝ፣ ፕሮፎርማ፣ ርክክብ የተደረገበት ደብዳቤ፣ ከሻጩ በኢሜይል የመጣ የላይሰንስ ማረጋገጫ።
• በድርጅቱ ዶሜይን ላይ የተከፈተ፣ በማንም ግለሰብ ስም ያልሆነ የጋራ ኢሜይል።
• አንድ የኤክሴል መዝገብ፣ አንድ የሚታሸግ ፖስታ፣ እንዲሁም የድርጅቱ ካዝና።
• ቪኤምዌር ከሆነ፣ የሆስቶችንና የቨርቹዋል ማሽኖችን ዝርዝር ወደ ኤክሴል የሚያወጣው አርቪቱልስ። በስሙ የተሠሩ የሐሰት ማውረጃ ገጾች ስላሉ ከትክክለኛው አሳታሚ ብቻ ይውሰዱት።

ደረጃ 1፦ አንድ ኃላፊ፣ አንድ ምትክና አንድ የጋራ ኢሜይል ይሰይሙ

የላይሰንስ ጉዳይ በአይሲቲ፣ በግዢና በፋይናንስ መካከል የሚወድቅ ሥራ ነው፤ ሦስቱም «ሌላው ይዞታል» ብለው ያስባሉ። ስለዚህ በደብዳቤ የተሰየመ አንድ ኃላፊና አንድ ምትክ ይኑሩ። በሻጮቹ ገጾች ላይ ያሉ መለያዎች ሁሉ በጋራ ኢሜይሉ ይከፈቱ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ላይሰንሱ የተመዘገበው ሥራ በለቀቀ ሰው ኢሜይል ከሆነ የማብቂያ ማስጠንቀቂያው የሚደርሰው ለእርሱ ነው፤ ቁልፉን መልሶ ለማውጣትም ከሻጩ ጋር ለሳምንታት መጻጻፍ ይጠይቃል። የቪኤምዌር ደንበኞች መለያ በ2024 እ.ኤ.አ. ቪኤምዌርን ወደ ገዛው ኩባንያ ወደ ብሮድኮም የድጋፍ ገጽ ተዛውሯል፤ በዚያን ጊዜ መለያዎን ያላዛወሩ ከሆነ ይህን ከሁሉ በፊት ይጨርሱ።

ደረጃ 2፦ ሶኬትና ኮር ይቁጠሩ

ዛሬ አብዛኛው የቨርቹዋላይዜሽን ላይሰንስ የሚሰላው በፊዚካል ኮር (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ባሉት የማስሊያ ክፍሎች ቁጥር) ሲሆን አንዳንዱ በሶኬት፣ ማለትም በፕሮሰሰር ቁጥር ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰርቨር ሦስት ቁጥሮችን ይመዝግቡ፦ ስንት ሶኬት፣ በሶኬት ስንት ኮር፣ በድምሩ ስንት ኮር።

በቪሴንተር ላይ ሆስቱን መርጠው የሃርድዌር መረጃውን ሲከፍቱ ይህን ሁሉ ያገኙታል። በዊንዶውስ ሰርቨር ላይ ደግሞ ታስክ ማኔጀርን ከፍተው «ፐርፎርማንስ» ከዚያም «ሲፒዩ» የሚለውን ሲጫኑ ከታች በኩል «ሶኬትስ»፣ «ኮርስ» እና «ሎጂካል ፕሮሰሰርስ» የሚሉ ሦስት መስመሮች ይታያሉ። መውሰድ ያለብዎት «ኮርስ» የሚለውን ነው። «ሎጂካል ፕሮሰሰርስ» የሚለው ሃይፐርትሬዲንግ (አንዱን ኮር እንደ ሁለት የሚያሠራው የፕሮሰሰር ችሎታ) ሲበራ እጥፍ ሆኖ ስለሚታይ፣ 20 ኮር ያለውን ሰርቨር 40 አድርገው ፕሮፎርማ ያስጠየቁ ሰዎች አጋጥመውኛል። ግዢ ክፍሉ ይህን ስሕተት ሊያውቅ አይችልም፤ ሻጩም አያርምዎትም።

በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ገብተው አይቁጠሩ። እዚያ የሚታየው ለዚያ ማሽን የተመደበው ቪሲፒዩ (ቨርቹዋል ፕሮሰሰር) እንጂ የሰርቨሩ ኮር አይደለም።

ደረጃ 3፦ ያለዎትን መብት በሰነድ ይሰብስቡ

ቁልፍ ላይሰንስ አይደለም። ላይሰንስ ማለት በውል የተገኘ የመጠቀም መብት ነው፤ ቁልፉ ሶፍትዌሩን የሚከፍት ቁጥር ብቻ ነው። ኦዲተር ሲመጣም ሆነ ሻጩ ቆጠራ ሲያካሂድ የሚጠይቁዎት ቁልፉን ሳይሆን ሰነዱን ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ምርት የሚከተሉትን ይፈልጉ፦ የውል ቁጥር፣ የተገዛው መጠንና መለኪያው (ኮር፣ ሶኬት ወይም ተጠቃሚ)፣ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን፣ ዘላቂ ይሁን ወይስ በየጊዜው የሚታደስ፣ ድጋፍ ይኑረው ወይም አይኑረው።

በመንግሥት ተቋማት ውስጥ እዚህ ላይ የታወቀ ክፍተት አለ። ሰርቨሩ በሞዴል 19 ገቢ ሆኖ መለያ ቁጥር ይለጠፍበታል፤ አብሮት የተገዛው ላይሰንስ ግን የሚጨበጥ ዕቃ ስላልሆነ የትም ሳይመዘገብ ይቀራል። አሮጌ የጨረታ ፋይሎችን ማገላበጥ አሰልቺ ቢሆንም ያዋጣል፤ ተገዝቶ ያልተጫነ ላይሰንስ በካርቶን ውስጥ የተገኘበት ጊዜ አለ።

ከሰርቨሩ ጋር ተያይዞ የመጣ የኦኢኤም ዊንዶውስ ላይሰንስ ካለ በመዝገቡ ላይ ለይተው ያመልክቱት። እንዲህ ያለው ላይሰንስ ከሰርቨሩ ጋር የታሰረ ነው፤ ሰርቨሩ ሲወገድ አብሮ ይወገዳል እንጂ ወደ አዲሱ አይዛወርም።

ደረጃ 4፦ በእያንዳንዱ ምርት ደንብ ያስሉ

ብዙ ገንዘብ የሚጠፋውም የሚድነውም እዚህ ስለሆነ ጊዜ ወስደው ይሥሩት። ለማስረዳት አንድ ድርጅት እንውሰድ፤ 3 ሰርቨሮች አሉት፤ እያንዳንዳቸው 2 ሶኬት፣ በሶኬት 10 ኮር አላቸው፤ በድምሩ 60 ኮር ማለት ነው። በላያቸው 14 የዊንዶውስ ሰርቨር ቨርቹዋል ማሽኖች ይሠራሉ።

ቪኤምዌር። ብሮድኮም ኩባንያውን እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 22 ቀን 2023 ከጠቀለለ በኋላ የዘላቂ ላይሰንስ ሽያጭ ቆሟል፤ አሁን የሚሸጠው በጊዜ የተገደበ የደንበኝነት ላይሰንስ ነው። መለኪያው ኮር ሲሆን ለእያንዳንዱ ፕሮሰሰር ቢያንስ 16 ኮር ይከፈላል። ስለዚህ ድርጅታችን የሚከፍለው ለ60 ሳይሆን ለ96 ኮር ነው፦ 16 በ2 ሶኬት፣ በ3 ሰርቨር። በየፕሮሰሰሩ 6 ኮር በከንቱ ይከፈላል ማለት ነው። አዲስ ሰርቨር ሊገዙ ከሆነ የቴክኒክ ዝርዝሩን ሲጽፉ በፕሮሰሰር ከ16 ያላነሰ ኮር ይጠይቁ፤ ካልበለጠ ደግሞ የተሻለ ነው። ይህን አንድ መስመር የሚጽፈው አይሲቲ ነው፤ ጨረታው ከወጣ በኋላ የሚያስተካክለው የለም።

ዘላቂ ላይሰንስ ቀደም ብለው የገዙ ድርጅቶች በያዙት ቨርዥን መጠቀማቸውን ሊቀጥሉ ይችላሉ። ነገር ግን ኢኤስኤክስአይንና ቪሴንተርን የያዘው የቪኤምዌር ምርት፣ የቪስፌር 7፣ አጠቃላይ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2 ቀን 2025 አብቅቷል፤ የቪስፌር 8 ደግሞ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 11 ቀን 2027፣ በእኛ መስከረም 30 ቀን 2020 ዓ.ም. ያበቃል። ከዚያ በኋላ የደኅንነት ማስተካከያ አለመኖሩን ለማኔጅመንቱ በጽሑፍ ያሳውቁ።

ዊንዶውስ ሰርቨር። በመደበኛው የላይሰንስ አሠራር እዚህ የሚቆጠረው የቨርቹዋል ማሽኑ ሳይሆን የሰርቨሩ ፊዚካል ኮር ነው። ለአንድ ፕሮሰሰር ቢያንስ 8፣ ለአንድ ሰርቨር ቢያንስ 16 ኮር ይገዛል። የስታንዳርድ ዕትም የሰርቨሩን ኮር በሙሉ ሲሸፍኑበት 2 ቨርቹዋል ማሽን ይፈቅዳል፤ ለተጨማሪ 2 የሰርቨሩን ኮር እንደገና በሙሉ መሸፈን ያስፈልጋል። የዳታሴንተር ዕትም ደግሞ ኮሩ አንድ ጊዜ ከተሸፈነ ለቨርቹዋል ማሽን ቁጥር ገደብ የለውም፤ የዝርዝር ዋጋው ግን ከስታንዳርድ 5.8 እጥፍ ገደማ ነው።

ብዙዎች 14ን ለ2 አካፍለው «7 ይበቃናል» ይላሉ። አይበቃም፤ ቨርቹዋል ማሽኖቹ በክላስተሩ (በአንድነት በተያያዙት ሰርቨሮች) ውስጥ ከሰርቨር ወደ ሰርቨር ስለሚንቀሳቀሱ እያንዳንዱ ሰርቨር መሸፈን ያለበት በአንድ ጊዜ በላዩ ሊኖር በሚችለው ትልቁ ቁጥር ልክ ነው። ላይሰንሱ ቨርቹዋል ማሽኑን ተከትሎ አይንቀሳቀስም፤ ከሰርቨር ወደ ሰርቨር ላይሰንስ ማዛወር የሚፈቀደው፣ ሃርድዌሩ ለዘለቄታው ካልተበላሸ በቀር፣ በ90 ቀን አንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ ሁለት ሁኔታዎችን ያስሉ።

አንደኛው፣ አንድ ሰርቨር ቢወድቅ 14ቱ በቀሩት ሁለት ላይ 7 በ7 እንዲካፈሉ ማቀድ ነው። አንድ ዙር ማለት የሰርቨሩን ኮር በሙሉ አንድ ጊዜ መሸፈን ስለሆነና 2 ማሽን ስለሚፈቅድ፣ 7 ቨርቹዋል ማሽን 4 ዙር ስታንዳርድ ይጠይቃል፤ 4 ዙር በ20 ኮር፣ በ3 ሰርቨር 240 ኮር ይሆናል። ሁለተኛው፣ ሁለት ሰርቨር ቢወድቅ እንኳ 14ቱም በአንዱ ላይ እንዲነሡ ማቀድ ነው። ይህ 7 ዙር ይጠይቃል፤ 420 ኮር ይሆናል። የዳታሴንተር 60 ኮር ወደ ስታንዳርድ ዋጋ ሲለወጥ 348 ኮር ያህል ነው። እንግዲህ በመጀመሪያው ዕቅድ ስታንዳርድ ይረክሳል፤ በሁለተኛው ዳታሴንተር ይረክሳል። የመጀመሪያውን ከመረጡ በአንድ ሰርቨር ላይ ከ8 በላይ የዊንዶውስ ማሽን እንዳይሰባሰብ በክላስተሩ ላይ ገደብ ማበጀት ግዴታ ነው፤ አለበለዚያ ሲስተሙ በራሱ ጊዜ ማሽኖቹን አዘዋውሮ ከደንብ ውጭ ያደርግዎታል። የእኔ ምክር ግልጽ ነው፤ በየዓመቱ አዳዲስ ቨርቹዋል ማሽን የሚጨምር ድርጅት ዳታሴንተርን ቢወስድ ከቆጠራ ጣጣ ያርፋል።

ከዚህ ሌላ ሰርቨሩን ለሚጠቀሙ ሠራተኞች ወይም ኮምፒውተሮች ካል የሚባለው የተጠቃሚ ላይሰንስ ለብቻው ይገዛል። የካሉ ቨርዥን ከሰርቨሩ ቨርዥን ማነስ የለበትም።

ኤስኪውኤል ሰርቨር። በቨርቹዋል ማሽን ልክ ሲገዛ ለአንድ ማሽን ቢያንስ 4 ኮር ይከፈላል። 2 ቪሲፒዩ ብቻ የሰጡት ማሽንም የ4 ዋጋ ያስከፍላል፤ ስለዚህ ሁለት ትናንሽ ዳታቤዞችን በአንድ ማሽን ማድረግ ብዙ ጊዜ ያዋጣል። ከ2022 ዕትም ጀምሮ በቨርቹዋል ማሽን ልክ ለመግዛት ሶፍትዌር አሹራንስ (ከላይሰንሱ ጋር የሚገዛ የማይክሮሶፍት የማሻሻያ ውል) ወይም የደንበኝነት ላይሰንስ ያስፈልጋል።

ኦራክል ዳታቤዝ። ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደነግጠው ይህ ነው። በኦራክል የፓርቲሽኒንግ ፖሊሲ መሠረት ቪኤምዌር የላይሰንስን ቁጥር ለመገደብ አያገለግልም፤ ለኢንተርፕራይዝ ዕትም የሚቆጠረው ዳታቤዙ ሊሠራባቸው የሚችሉት ሰርቨሮች ኮር ሁሉ ነው። በኢንቴልና በኤኤምዲ ፕሮሰሰር ላይ ቁጥሩ በ0.5 ይባዛል። ስለዚህ 4 ቪሲፒዩ ያለው አንድ የኦራክል ማሽን በድርጅታችን ክላስተር ውስጥ ሲቀመጥ 60 በ0.5፣ ማለትም የ30 ፕሮሰሰር ላይሰንስ ጥያቄ ሊያስነሣ ይችላል። መፍትሔው ኦራክልን ከሌላው በተለየ፣ ለብቻው በተከለለ ሰርቨር ላይ ማኖር ነው። ውልዎ ከፖሊሲው የተለየ ቃል ካለው የሚጸናው ውሉ ስለሆነ በሕግ ክፍል ያስነብቡት።

ፕሮክስሞክስና ሃይፐር-ቪ። ፕሮክስሞክስ ነጻና ክፍት ሶፍትዌር ስለሆነ ለመጠቀም ላይሰንስ አይገዛም፤ ለድጋፍና ለተረጋገጡ ማሻሻያዎች ግን በሶኬት የሚሰላ ክፍያ አለው፤ ለምሳሌያችን 6 ሶኬት ማለት ነው። ሃይፐር-ቪ ከዊንዶውስ ሰርቨር ጋር አብሮ ይመጣል። በሁለቱም ላይ የሚሠራ የዊንዶውስ ቨርቹዋል ማሽን የላይሰንስ ስሌት ከላይ ያየነው ራሱ ነው፤ ሃይፐርቫይዘር (ቨርቹዋል ማሽኖችን የሚያሠራውን ሶፍትዌር) መቀየር የዊንዶውስን ዕዳ አይሰርዝም።

ደረጃ 5፦ መዝገቡን ይሙሉ

በደረጃ 3 ያገኙትን መብት ከደረጃ 4 ስሌት ጎን ለጎን ያስቀምጡና ልዩነቱን ያውጡ። ጉድለት ካለ ቀይ፣ ትርፍ ካለ አረንጓዴ ያድርጉት። ትርፍ መኖሩም መረጃ ነው፤ በሚቀጥለው እድሳት ይቀነሳል። መዝገቡን በየ3 ወሩ አንድ ጊዜ ያድሱት፤ ከዚያ በተደጋገመ ቁጥር ማንም አይሠራውም፤ በዓመት አንዴ ከሆነ ደግሞ ማንም አያምነውም።

ደረጃ 6፦ ቁልፉን ይጫኑ፣ ከዚያ አጥፍተው በማስነሣት ይፈትኑ

በቪስፌር 8 እና ከዚያ በፊት ባሉት ቨርዥኖች ቁልፉ 25 ፊደልና ቁጥር ነው። በቪሴንተር «አድሚኒስትሬሽን»፣ ቀጥሎ «ላይሰንሲንግ» ውስጥ ገብተው ይጨምሩት፤ ከዚያም «አሴትስ» በሚለው ስር ለእያንዳንዱ ሆስት ይመድቡት። ቁልፍ መጨመር ብቻውን አይበቃም። ተጨምሮ ለሆስት ያልተመደበ ቁልፍ ምንም አያገለግልም፤ ይህንንም የሚረሳው ሰው ብዙ ነው።

ከዚያ በኋላ ጉዳት የማያደርስ አንድ የሙከራ ቨርቹዋል ማሽን በእያንዳንዱ ሆስት ላይ ያጥፉና መልሰው ያስነሡ። ከተነሣ ላይሰንሱ በእርግጥ ገብቷል። ይህን ሙከራ በተለይ በሰኔ፣ ክረምቱ ከመበርታቱ በፊት ይድገሙት።

የሚጠቀሙት ቪኤምዌር ክላውድ ፋውንዴሽን 9 (ቪስፌርን ያካተተው የቪኤምዌር ጥቅል) ከሆነ አሠራሩ ይለያል። በ25 ፊደል ቁልፍ ፈንታ የላይሰንስ ፋይል ይጠቀማል፤ የአጠቃቀም ሪፖርትም ከ180 ቀን ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ለብሮድኮም መድረስ አለበት። የሰርቨር ኔትወርክዎ ከኢንተርኔት የተዘጋ ከሆነ ሪፖርቱን በፋይል አውጥተው በሌላ ኮምፒውተር መላክ ስለሚኖርብዎ፣ በ150ኛው ቀን የሚያስታውስ ቀጠሮ ይያዙ። ኔትወርክ በሳምንታት ሊቋረጥ እንደሚችል ያየ ሰው 180ኛውን ቀን አይጠብቅም።

ደረጃ 7፦ ቁልፉን በወረቀት አትመው በካዝና ያስቀምጡ

የሁሉንም ምርቶች ቁልፍ፣ የሆስቶቹን የአይፒ አድራሻና የዋናውን መለያ የይለፍ ቃል በወረቀት ያትሙ፤ በፖስታ አሽገው፣ ቀን ጽፈውና ሁለት ሰው ፈርሞበት በካዝና ያኑሩት። ወረቀት የሚያስፈልገው ቪሴንተር ራሱ ብዙ ጊዜ ቨርቹዋል ማሽን ስለሆነ ነው፤ እርሱ ካልተነሣ በእርሱ በኩል ቁልፍ ማስገባት አይቻልም። በዚያን ጊዜ ከላፕቶፕዎ በቀጥታ ወደ ኢኤስኤክስአይ ሆስቱ ገጽ ገብተው፣ «ማኔጅ» ከዚያም «ላይሰንሲንግ» በሚለው ስር ቁልፉን ከወረቀቱ እያዩ ይጽፋሉ።

ደረጃ 8፦ የማብቂያ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፉ

ላይሰንስ የሚያበቃው በፈረንጅ ቀን ነው፤ ደብዳቤና በጀት የሚሄደው በእኛ ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 2026 ታኅሣሥ 22 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። በቀጣዩ ዓመት ግን ጳጉሜን 6 ቀን ስለምትሆን ያው ዲሴምበር 31 ታኅሣሥ 21 ቀን 2020 ዓ.ም. ላይ ይውላል። ያለፈውን ዓመት ቀን ገልብጦ የጻፈ ሰው በአንድ ቀን ይሳሳታል። ከዚህ የከፋው «2019» ወይም «2020» የሚለውን ዓመት ያለ ዓ.ም. ወይም ያለ እ.ኤ.አ. መጻፍ ነው፤ አንዱ አንባቢ ላይሰንሱ ካለፈ ዓመታት ሆነውታል ሲል ሌላው ገና ነው ይላል።

ማስታወሻውን በስልክዎ ብቻ አይያዙ። ከማብቂያው 180፣ 90 እና 30 ቀን በፊት በጋራ ኢሜይሉ እንዲደርስ ያድርጉ።

ደረጃ 9፦ እድሳቱን ከበጀት ዓመቱ ጋር ያስማሙ

የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል። ላይሰንሱ በሐምሌ ወይም በነሐሴ የሚያበቃ ከሆነ አሮጌው በጀት ተዘግቷል፤ አዲሱ ገና አልተለቀቀም። ሻጩን ቀኖቹን ወደ አንድ እንዲያመጣልዎ ይጠይቁ፤ የሚመረጠው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው፤ ከሐምሌ ጀምሮ ለጨረታና ለክፍያ አምስት ወር ያህል ይኖርዎታል። ሲስተም የማዛወር ሥራውን ግን ከጥምቀት ሳምንት ያርቁት። ከከተራ ዋዜማ ጀምሮ ጎንደር በእንግዳ ስለምትሞላ ሠራተኛም ሆነ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ባለሙያ ማግኘት ይከብዳል፤ ማረፊያም አይገኝለትም።

ዋጋው በዶላር ስለሚተመን በጀቱን በዶላር ይያዙና ወደ ብር ሲለውጡ መጠባበቂያ ይጨምሩ። የብር ምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ የሚወሰን በመሆኑ በሐምሌ የተሰበሰበ ፕሮፎርማ በኅዳር ላይ ላይሠራ ይችላል። የውጭ ምንዛሪ ጥያቄውንም ውሉ እስኪፈረም ሳይጠብቁ ከባንክዎ ጋር ይጀምሩ።

ማስጠንቀቂያዎች

• ከቴሌግራም የተገኘ ቁልፍ ወይም «አክቲቬተር» በድርጅት ሰርቨር ላይ አይጫኑ። የሕግ ተጠያቂነቱ እንዳለ ሆኖ፣ ፕሮግራሙን በአስተዳዳሪ መብት ስለሚያስነሡት በውስጡ ያለው ቫይረስ ሙሉ መብት ያገኛል።
• የሙከራ ጊዜን እንደ ላይሰንስ አይቁጠሩት። የቪስፌር 8 ሙከራ 60 ቀን፣ የዊንዶውስ ሰርቨር 180 ቀን ነው። የዊንዶውስ ሙከራ ሲያልፍ ሰርቨሩ በየሰዓቱ ራሱን ያጠፋል።
• ላይሰንስ ማለፉን ካወቁ፣ አዲሱ ቁልፍ እስኪገባ ድረስ ማንኛውንም ሆስት ሪስታርት አያድርጉ፤ ቨርቹዋል ማሽንም አያጥፉ። የጀነሬተሩን ነዳጅና ባትሪ በዚያው ቀን ያስፈትሹ።
• ሻጩ «ቆጠራ እናግዛችሁ» ብሎ የላከውን ፕሮግራም ከሕግ ክፍል ጋር ሳይማከሩ አያስነሡ። ውጤቱ ለክፍያ ጥያቄ መነሻ ሊሆን ይችላል።

ተደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች

• አራተኛ ሰርቨር ገዝቶ ወደ ክላስተሩ ማስገባትና ላይሰንሱን ከሦስት ወር በኋላ ማስታወስ። ሰርቨሩ በሙከራ ጊዜ ስለሚሠራ ችግሩ በ61ኛው ቀን ይመጣል። የሰርቨር ግዢ ጥያቄ ላይ የላይሰንስ መስመር ከሌለ አይፈርሙ።
• የተወገደን ሰርቨር ከመዝገብ አለመሰረዝና ለሌለ ማሽን ማደስ።
• የባክአፕ ሶፍትዌሩን መርሳት። ባክአፑም በሶኬት ወይም በቨርቹዋል ማሽን ቁጥር የሚታሰብ የራሱ ላይሰንስ አለው፤ ቨርቹዋል ማሽን ሲጨመር እርሱም ይጨምራል።
• የሌላ ካምፓስ ወይም የቅርንጫፍ ሰርቨርን አለመቁጠር። አዘዞ ያለው መጋዘን ውስጥ ጠረጴዛ ሥር የተቀመጠ አንድ ሰርቨር ከዋናው መሥሪያ ቤት ቁልፍ ተውሶ ሲሠራ፣ የቁልፉ አጠቃቀም ከተገዛው መጠን እንደሚያልፍ ማንም አያስተውልም። በሚቀጥለው የ3 ወር ቆጠራ መኪና ይጠይቁና ሄደው በዓይንዎ ይዩት።